ውጤቴ ዝቅተኛ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ቶሎ ነርስ ለመሆን የቱ መንገድ ያዋጣኛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ዲሲ ውስጥ ሐበሾች ተገናኝተው ስለ ሥራ ካወሩ ነርሲንግ ሳይነሳ አይቀርም። መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ቶሎ የሚያልቀው የቱ ነው?» የሚል ነው። ትንሽ ቆይቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ «ውጤቴ ግን ያን ያህል አይደለም» ይከተላል። ይህ ገጽ ለሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ባለቤቶች የተጻፈ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል፤ የስቴታችሁን የነርሲንግ ቦርድ ደንብ ብቻ አስተያዩ።

በአጭሩ ንገሩኝ፤ ፈጣኑ የቱ ነው?

ትምህርት ቤቶቹ በሚያስተዋውቁት ርዝመት ከሄድን፣ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) የሳምንታት ሥልጠና ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ልክ 75 ሰዓት ነው፤ ብዙ ስቴቶች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ኤልፒኤን (ላይሰንስ ያለው፣ ከአርኤን ዝቅ ያለ ነርስ) አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። በኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው የአርኤን (የሙሉ ነርስ) አሶሺየት ዲግሪ ሁለት ዓመት ነው። በሌላ ሙያ ባችለር ዲግሪ ላለው ሰው የተዘጋጀው አክስለሬትድ ቢኤስኤን (የተፋጠነ የነርሲንግ ባችለር) ከ12 እስከ 18 ወር ነው።

ይህ ቁጥር ግን ያታልላል። እነሱ የሚቆጥሩት ክላስ ከተጀመረበት ቀን ነው። እናንተ መቁጠር ያለባችሁ ከዛሬ ጀምሮ ላይሰንሱ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ነው። ፕሪሪኩዚት የሚባሉት ቅድመ ኮርሶች አሉ፦ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንዳንዴም ኬሚስትሪ። አናቶሚ ሁለትን ለመውሰድ አንድን ማለፍ ስላለባችሁ፣ ምንም ብትሮጡ ወደ ሁለት ሴሚስተር ይበላል። 15 ወር የተባለው ፕሮግራም አንድ ዓመት ፕሪሪኩዚት እና ሁለት ጊዜ «አልተቀበልንዎትም» ሲጨመርበት ከአራት ዓመት ሊጠጋ ይችላል።

ስለዚህ ውጤቱ ደካማ ለሆነ ለአብዛኛው ሰው እውነተኛው ፈጣን መንገድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው። ስሙ እንደ አክስለሬትድ አያስጎመጅም። ግን አንድ ዓመት ለፕሪሪኩዚት፣ ሁለት ዓመት ለነርሲንጉ፣ ከዚያ ያው አርኤን። ኤንክሌክስ የሚባለው የላይሰንስ ፈተናም ላይሰንሱም ከባችለሩ ተመራቂ ጋር አንድ ነው።

ጂፒኤዬ (አማካይ ውጤቴ) 2.2 ነው። 3.0 ማድረስ እችላለሁ?

ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። 60 ክሬዲት በ2.2 ጨርሳችኋል እንበል። አጠቃላዩን 3.0 ለማድረስ 48 ተጨማሪ ክሬዲት መውሰድና ሁሉንም ኤ ማምጣት አለባችሁ። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ የሙሉ ጊዜ ትምህርት ማለት ነው፤ ያውም አንድ ቢ ሳይነካችሁ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ስሌት ላይ ነው።

ግን ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች አጠቃላዩን ብቻ አያዩም። የፕሪሪኩዚቶቹን ወይም የሳይንሱን ጂፒኤ ለብቻ ያሰላሉ። እዚያ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። ባለአራት ክሬዲት አራት ሳይንስ አላችሁ እንበል፤ ሁለቱ ሲ፣ ሁለቱ ቢ። ይህ 2.5 ነው። ሁለቱን ሲ ደግማችሁ ኤ ብታመጡና ኮሌጁ አዲሱን ውጤት በአሮጌው ቦታ የሚተካ ከሆነ 3.5 ትሆናላችሁ። አሮጌውንም አዲሱንም አማካይ የሚያደርግ ከሆነ 3.0 ላይ ትቆማላችሁ። ሁለት ኮርስ ነው ይህን ሁሉ ያመጣው።

ስለዚህ የምታመለክቱበትን ፕሮግራም አድቫይዘር በኢሜይል ጠይቁ፦ የምታዩት የትኛውን ጂፒኤ ነው? ሲደገም ትተካላችሁ ወይስ አማካይ ታደርጋላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ያዙት። በአፍ የተነገረ ነገር አድቫይዘሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አንዳንድ ኮሌጆች «አካዳሚክ ሪኒዋል» ወይም «ፍሬሽ ስታርት» የሚሉት አሠራር አላቸው። ከተወሰኑ ዓመታት በፊት የተበላሸ ውጤት ከጂፒኤ ስሌት እንዲወጣ ማመልከት ይቻላል። ትራንስክሪፕቱ ላይ ይታያል፤ አይቆጠርም። ሌላ ኮሌጅ ስትሄዱ ግን ያኛው ኮሌጅ ይህን ላይቀበል ይችላል።

አናቶሚን ስንት ጊዜ መድገም ይቻላል?

እንደ ፕሮግራሙ ነው፤ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቅዳሉ። አደገኛው ነገር አንዳንዶቹ «ደብልዩ»ን፣ ማለትም አቋርጦ መውጣትን፣ እንደ አንድ ሙከራ መቁጠራቸው ነው። አንዱ ኮሌጅ ሁለት ዓይነት ገደብ ሊኖረውም ይችላል፤ ኮሌጁ ራሱ ሦስቴ ይፈቅድና የነርሲንግ ክፍሉ ሁለቴ ብቻ ይቀበላል።

የሳይንስ ኮርስ ያረጃልም። ብዙ ፕሮግራሞች ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ የሆነውን አይቀበሉም። ለእናንተ ይህ መጥፎ ዜና ላይሆን ይችላል። የዛሬ አሥር ዓመት ያመጣችሁት ዲ ያለው ኮርስ ካረጀ እንደ አዲስ መውሰዳችሁ አይቀርምና።

አናቶሚን ከሙሉ ጊዜ ሥራ ጋር፣ ያውም ከማይክሮ ጋር በአንድ ሴሚስተር አትውሰዱ። የላብ ፈተናው ማንበብ ብቻ አይበቃውም። ጠረጴዛው ላይ አጥንት ተቀምጧል፤ አንዲት ቀዳዳ ላይ ምልክት ተለጥፎባታል፤ ስሟን፣ በየትኛው ጎን እንዳለች፣ ምን እንደሚያልፍባት ጽፋችሁ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ትሄዳላችሁ። የተሰጣችሁ ደቂቃ በጣም ጥቂት ነው፣ ስፔሊንግ ይታረማል። ይህ የሚለመደው ላብ ክፍት በሆነበት ሰዓት ደጋግሞ በመሄድ ነው። ሌሊት ስትነዱ አድራችሁ ጠዋት የምትደርሱበት አይደለም።

የኢትዮጵያ ዲግሪዬ ውጤትስ ይከተለኛል?

ይከተላችኋልም አይከተላችሁምም። ብዙ ኮሚኒቲ ኮሌጆች የውጭ አገር ትራንስክሪፕት ሲያዩ ክሬዲቱን ይቀበላሉ እንጂ ውጤቱን በራሳቸው ጂፒኤ ውስጥ አያስገቡም። እዚያ ስትገቡ ጂፒኤያችሁ ባዶ ነው፤ ከዜሮ ትገነቡታላችሁ። አገር ቤት በ2.3 ለተመረቀ ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው። አገር ቤት ሲ ማምጣት በራሱ ስንት ላብ እንደነበር የምናውቅ እናውቃለን፤ የአሜሪካ አድሚሽን ኦፊሰር ግን አያውቅም።

አክስለሬትድ ቢኤስኤን ጋ ስትሄዱ ነገሩ ይገለበጣል። እነሱ የሚፈልጉት የባችለር ዲግሪያችሁን ስለሆነ በኮርስ በኮርስ የተሠራ ግምገማ ከእነ ጂፒኤው ይጠይቃሉ። ግምገማውን እንደ ደብልዩኢኤስ እና ኢሲኢ ያሉ ድርጅቶች ይሠራሉ።

ወረቀቱን ቀድማችሁ ጀምሩ። ዩኒቨርሲቲው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በቀጥታ መላክ አለበት፤ የወጪ መጋራት ክፍያ ያልጨረሰ ሰው ደግሞ እሱን ሳይዘጋ አይላክለትም። እዚያ ሬጅስትራር ቢሮ የሚመላለስ ዘመድ ውክልና ያስፈልገዋል። ስንቱ ሰው ፈተናውን አልፎ በዚህ ምክንያት የማመልከቻ ቀን አምልጦታል!

አክስለሬትድ በደካማ ውጤት ጨርሶ አይሆንም ማለት ነው?

በሩ በአብዛኛው 3.0 ነው። ዝቅ የሚያደርጉ አሉ፤ የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲት ብቻ የሚያዩም አሉ። ስለዚህ መግባቱ የማይቻል አይደለም። እኔ የምፈራላችሁ ከገባችሁ በኋላ ያለውን ነው።

የሁለት ዓመት ትምህርት በ15 ወር ሲታጨቅ ክሊኒካሉ (ሆስፒታል ውስጥ የሚደረገው ልምምድ)፣ ላቡና ፈተናው በየሳምንቱ ይደራረባል። አብዛኛዎቹ «ሥራ አትሥሩ» ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ማለፊያው ከ75 እስከ 80 ነው፤ 77.8 ወደ 78 አይጠጋጋላችሁም። አንድ ኮርስ ስትወድቁ ከቡድናችሁ ትቀራላችሁ፣ ሁለተኛ ስትወድቁ ትባረራላችሁ። የግል ትምህርት ቤት ከሆነ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከ50 ሺህ ዶላር ይበልጣል፤ ስትባረሩ ሎኑ አይባረርም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ውጤታችሁ ለምን እንደወረደ ለራሳችሁ መልሱ። በ19 ዓመታችሁ በጭፈራ ከሆነ፣ ወይም ዲቪ ደርሷችሁ በመጣችሁበት ዓመት እንግሊዝኛው ግራ አጋብቷችሁ ከሆነ፣ ያ ሰው አሁን የለም። ቤት ኪራይ ለመክፈል 60 ሰዓት ስለምትሠሩ ከሆነና አሁንም 60 ሰዓት የምትሠሩ ከሆነ ግን፣ ፈጣኑ ፕሮግራም ያንኑ ውጤት በውድ ዋጋ ይደግምላችኋል።

ኤልፒኤን ልጀምርና ወደ አርኤን ልሻገር ወይስ በቀጥታ?

ይህ ላይ ሰው ይከራከራል። ኤልፒኤን የመግቢያ መስፈርቱ ቀለል ይላል፣ በአንድ ዓመት ገደማ ገንዘብ መሥራት ትጀምራላችሁ። በሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የ2023 አኃዝ መሠረት የኤልፒኤን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 59,730 ዶላር ነበር፤ የአርኤን 86,070።

ችግሩ ድልድዩ ነው። ከኤልፒኤን ወደ አርኤን የሚያሻግሩት ፕሮግራሞች አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳሉ፤ ከመግባታችሁ በፊት ግን እነዚያኑ አናቶሚና ማይክሮ ይጠይቃሉ። የሸሻችሁት ኮርስ ድልድዩ ጋ ቆሞ ይጠብቃችኋል። በጠቅላላ ጊዜ ከቀጥታው መንገድ ብዙም አይፈጥንም። በዚያ ላይ ኤልፒኤን ሆኖ ደመወዝ የለመደ፣ ልጅ የወለደ፣ ቤት የገዛ ሰው ወደ ክላስ መመለሱን ከዓመት ዓመት ሲያራዝም አይተናል።

የእኔ ምክር፦ አሁኑኑ ገቢ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ወይም ሁለት ዓመት ሙሉ የሚደግፋችሁ ሰው ከሌለ ኤልፒኤን ጥሩ ነው። ፕሪሪኩዚቱን ግን ከዚያ በፊት ጨርሱት። ብዙ ኤልፒኤኖች የሚቀጠሩት ነርሲንግ ሆም ውስጥ መሆኑንም አውቃችሁ ግቡ፤ ሆስፒታል የሚወስዳቸው በጣም ጥቂት ነው።

ሲኤንኤ መሥራት ለመግቢያ ይጠቅማል?

አንዳንድ ፕሮግራም ነጥብ ይሰጥበታል፤ ደካማ ጂፒኤን ግን አይሰውርም። ዋናው ጥቅሙ ሙያው ይስማማችሁ እንደሆነ መለየት ነው። ሌሊት ላይ ሰው ማገላበጥና ማጠብ ካስጠላችሁ ሎን ሳትበደሩ ማወቁ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ብዙ ሆስፒታሎች ለሠራተኛቸው የትምህርት ክፍያ ይሸፍናሉ፤ አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ መክፈል ይችላል። በኮሚኒቲ ኮሌጅ የነዋሪ ክፍያ የምትከፍሉ ከሆነ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የመግቢያ ፈተናው ውጤቴን ሊያካክስልኝ ይችላል?

በነጥብ የሚያወዳድሩ ኮሌጆች ጋ፣ አዎ። በጣም የተለመደው ቲስ ነው፤ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ፣ ባጠቃላይ 170 ጥያቄ። ሌላው ሄሲ ኤቱ ነው። ጂፒኤ የዓመታት ሥራ ሲሆን ቲስ ግን የሁለት ሦስት ወር ጥናት ነው። ለደካማ ውጤት ባለቤት ከዚህ የበለጠ ርካሽ ነጥብ የለም። ሐበሻ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ ላይ ይበረታል፣ ንባቡ ላይ ሰዓት ያልቅበታል። ስለዚህ በሰዓት ተለማመዱ።

«ጂፒኤ አንጠይቅም፣ ነገ ግባ» የሚል ትምህርት ቤት አገኘሁ። ልግባ?

ቆይ። መጀመሪያ የስቴቱ ነርሲንግ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጉ። የተፈቀደለት ነው? ሙሉ ፈቃድ ነው ወይስ በቅድመ ሁኔታ? ቀጥሎ ተማሪዎቹ ኤንክሌክስን በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉበትን መቶኛ እዩ፤ ቦርዶች ያወጡታል። በአገር ደረጃ አርኤኑ በቅርብ ዓመታት 90 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ትምህርት ቤት 60ዎቹ ውስጥ ከዋለለ ሽሹ። የነርሲንግ ፕሮግራሞችን የሚመዝኑት የአሴን ወይም የሲሲኤንኢ እውቅና እንዳለውም አረጋግጡ፤ ከሌለው ወደፊት ወደ ባችለር መሻገር ሊከብዳችሁ ይችላል።

ማለፊያ መቶኛው ብቻ ግን አይበቃም። የሚቆጠረው ፈተና የተቀመጠው ብቻ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት 40 ሰው ያስገባል፣ በመውጫ ፈተና አጣርቶ 15ቱን ብቻ ለኤንክሌክስ ይለቃል፤ ከዚያ «93 በመቶ አለፉ» ብሎ ይለጥፋል። የቀሩት 25 ገንዘባቸውን ከፍለዋል። ስለዚህ ሪክሩተሩን ፊት ለፊት ጠይቁት፦ ከገቡት ውስጥ በጊዜው የጨረሱት ስንት ናቸው? መልሱን ለማዳፈን ሲሞክር ካያችሁ መልሳችሁን አግኝታችኋል።

«ክላስ ሳትመጡ ዲፕሎማ» የሚል ካጋጠማችሁማ ወንጀል ነው። በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል አቃቤ ሕግ ኦፕሬሽን ናይቲንጌል በተባለው ምርመራ 25 ሰዎችን ከሰሰ። ፍሎሪዳ ያሉ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ ዲፕሎማ ሸጠዋል ነው ክሱ። ከገዢዎቹ ኤንክሌክስን ያለፉ ነበሩ፤ ቢያልፉም ቦርዶች ላይሰንሳቸውን እየተከታተሉ መንጠቅ ጀመሩ። ወረቀቱን ከገዛ ሰው ጋር ተደባልቀው የተጠረጠሩም አልጠፉም።

ገንዘቡስ?

ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ሰው ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ሞልቶ ፔል ግራንት የሚባለውን እርዳታ መጠየቅ ይችላል። የ2025-26 ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፤ አይመለስም። አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ፦ ፔል ባችለር ዲግሪ ለሌለው ሰው ነው፤ የኢትዮጵያ ባችለርም ይቆጠራል። አካውንቲንግ ከአገር ቤት ተመርቃችሁ ከሆነ ፔል የለም፣ ሎን ብቻ ነው። «የለኝም» ብሎ መሙላት ደግሞ በኋላ ያስመልሳል፣ ከዚያም የከፋ ያመጣል።

ደካማ ውጤት እርዳታውንም ይነካል። ብዙ ኮሌጆች 2.0 ጂፒኤ እና ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት 67 በመቶውን መጨረስ ይጠይቃሉ። ደብልዩ ያልጨረሳችሁት ሆኖ ይቆጠራል። እርዳታው ከተቋረጠባችሁ ይግባኝ አለ፤ ከሐኪም ወረቀትና ከጥናት ዕቅድ ጋር ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ይሰማል።

ኢትዮጵያ ነርስ ነበርኩ። እንደገና መማር አለብኝ?

በፍጹም በዚህ አትጀምሩ! ነርስ ሆኖ ሳለ እዚህ ሲኤንኤ ተምሮ፣ ኤልፒኤን ተምሮ፣ አምስት ዓመት ያቃጠለ ሰው ስንት አለ። የእናንተ መንገድ የትምህርት ማስረጃ ግምገማ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናና ኤንክሌክስ ነው። ግምገማውን በብዛት የሚሠራው ሲጂኤፍኤንኤስ ነው፤ በ2025 ስሙን ትሩሜሪት ብሏል። እሱ የሚመዝነው የወሰዳችሁትን ኮርስ፣ የክሊኒካል ሰዓታችሁንና የአገር ቤት ላይሰንሳችሁን ነው፤ በ2.4 መመረቃችሁ እዚህ ብዙም አያስጨንቅም። እንደ ሥነ አእምሮ ወይም ሕፃናት ያለ ክሊኒካል የጎደለ ሆኖ ከተገኘ ያንን ብቻ ታሟላላችሁ።

እንግሊዝኛዬ ያንገዳግደኛል። ይጥለኛል?

ሰውን የሚጥለው ከእንግሊዝኛው ይልቅ የጥያቄው ዓይነት ነው። በሽምደዳ ያደግን ልጆች ነን። ነርሲንግ ደግሞ አራት ትክክለኛ መልስ አስቀምጦ «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ይላል። ወይም ስድስት አማራጭ ደርድሮ «የሚስማሙትን ሁሉ ምረጥ» ይላል። ከአፕሪል 2023 ጀምሮ ያለው አዲሱ ኤንክሌክስ የበሽተኛውን ታሪክ፣ የላብ ውጤትና የነርስ ማስታወሻ ደርድሮ ማገናዘብ ይፈትናል። በአምስት ሰዓት ውስጥ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ይመጣል። እንግዲህ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምራችሁ መጽሐፉን እንደምታነቡት ያህል ጥያቄ ሥሩ።

የመድኃኒት ስሌት ግን ነፃ ነጥብ ነው። ትእዛዙ 750 ሚሊ ግራም ነው፤ ጠርሙሱ 250 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር ይላል። ስንት ትሰጣላችሁ? 15 ሚሊ ሊትር። ይህን አይነት ፈተና ብዙ ፕሮግራሞች 90 በመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣችሁ ክሊኒካል አያስገቡም። ስለዚህ ክላስ ሳይጀመር ጨርሱት።

ከአንድ ነርሲንግ ፕሮግራም ተባርሬያለሁ። ሌላ ቦታ ይቀበሉኛል?

አንዳንዱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ሁለት የነርሲንግ ኮርስ የወደቀን ሰው ፈጽሞ አይቀበልም። ብዙዎቹ ከቀድሞው ዲን ወይም ዳይሬክተር ደብዳቤ ይጠይቃሉ። መደበቅ አይሞከር፤ የት የት እንደተመዘገባችሁ ኮሌጆች ማየት ይችላሉ፣ ተደብቆ ሲገኝ ከውጤቱ ይልቅ ውሸቱ ያስባርራል።

የወደቃችሁት አንድ ኮርስ ብቻ ከሆነ የድሮው ቤት ይግባኝ ወይም መልሶ የመግቢያ አሠራር እንዳለው አስቀድማችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የአንድ ዓመት ገደብ አለው። ሌላ ቦታ ከሄዳችሁ የነርሲንግ ኮርሶቹ ክሬዲት ብዙ ጊዜ አይሻገርም፤ ከፈንዳሜንታልስ (ከመጀመሪያው የነርሲንግ ኮርስ) ትጀምራላችሁ። ፕሪሪኩዚቶቹ ግን አብረዋችሁ ይሄዳሉ፤ ካላረጁ። በደብዳቤው ላይ «ተቸግሬ ነበር» ብቻ አትጻፉ። ያኔ በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠሩ እንደነበር፣ አሁን ስንት እንደምትሠሩ፣ ልጅ ማን እንደሚይዝላችሁ ጻፉ።